ስለ መንጠራራት

ሰው ከእንቅልፉ ሲነቃ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያደርገው ነገር ቢኖር መንጠራራት ነው። ሕፃን በአልጋው ላይ፣ ውሻ በደጃፍ፣ ድመትም በምድጃ ዳር ማንም ሳያስተምራቸው እጅና እግራቸውን ዘርግተው፣ ጀርባቸውን ለጥጠው ይንጠራራሉ። በአገራችን ልማድ ግን በታላላቆች ፊት መንጠራራት እንደ ነውር ይቆጠራል፤ የስንፍና ወይም የንቀት ምልክት ነው ተብሎ ይታሰባልና። በልጅነታችን በማዕድ ዙሪያ የሚንጠራራ ልጅ ቢገኝ፣ የአያታችን ዓይን ብቻውን እጁን ያሰበስበው ነበር። ሆኖም ይህ እንደ ስንፍና የሚታይ ድርጊት በስፖርተኞች ዘንድ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ሰዓትና ሥርዓት ተወስኖለት፣ በአሠልጣኝ ፊት በጥንቃቄ ይፈጸማል።

ነገሩን ጠለቅ ብዬ እንድመለከት ያነሣሣኝ ለመምህራን ስብሰባ ወደ ኡጋንዳ ዋና ከተማ ወደ ካምፓላ የሄድሁበት ጊዜ ነው። ካምፓላ እንደ አዲስ አበባ በኮረብታዎች ላይ የተመሠረተች ከተማ ናት። ይሁን እንጂ ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 1200 ሜትር ያህል ብቻ በመሆኑና የቪክቶሪያ ሐይቅም በቅርብ ስለሚገኝ አየሯ ሞቃትና እርጥብ ነው፤ ከደጋ የሄደ ሰው ጥቂት እንደ ተራመደ ላብ ያጠምቀዋል። አንድ ቀን ማለዳ፣ እነርሱ ቦዳ ቦዳ የሚሏቸው የሞተር ብስክሌቶች መንገዱን ሳይሞሉት ከማረፊያዬ ወጥቼ ስዘዋወር፣ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር የምናውቃቸውን አባ ኮዳዎች በየዛፉና በየጣሪያው ላይ ቆመው አየሁ። ከኮሎሎ ኮረብታ ብዙ ሳይርቅ በሚገኝ አንድ የሣር ሜዳ ላይ ደግሞ ዕድሜያቸው ከእናንተ የማይበልጥ ወጣቶች ልምምድ ያደርጉ ነበር።

እኔም ቆሜ ተመለከትሁ። ወጣቶቹ በብዙ ትምህርት ቤቶቻችን እንደሚደረገው ተሰልፈው ቆመው የእግራቸውን ጣት ለመንካት አልጎነበሱም። መጀመሪያ በዝግታ ዱብ ዱብ እያሉ ሜዳውን ዞሩ። ላብ በግንባራቸው ላይ መታየት ሲጀምር እግራቸውን እንደ ደወል ምላስ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያወናጭፉ፣ ጉልበታቸውን እስከ ደረታቸው ከፍ ያደርጉ፣ በረጅሙ እየተራመዱ ዳሌያቸውን ወደ መሬት ያወርዱ ጀመር። ከዚያም ሮጡ። ሩጫው ካለቀ በኋላ ግን ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው፣ አንዱን እግር ዘርግተው ሌላውን አጥፈው፣ ምንም ሳይወዛወዙ ለረጅም ጊዜ ጸጥ አሉ። ሲያዩት ጸሎት የሚያደርሱ ይመስላሉ። አሠልጣኛቸውን ጠይቄ እንደ ተረዳሁት፣ ከሩጫ በፊት ያለው ሥራ ጡንቻን ለማንቃት፣ ከሩጫ በኋላ ያለው ደግሞ ጡንቻን ለማሳረፍና ለማርዘም የታሰበ ነው።

በዚያ አገር ስለ ሰውነት መተጣጠፍ ሲነሣ ሳይጠቀስ የማይታለፍ ሰው ጆን አኪ ቡዋ ነው። አኪ ቡዋ እ.ኤ.አ. በ1949 በሰሜን ኡጋንዳ በላንጎ አውራጃ እጅግ ብዙ ልጆች ካሉት ቤተሰብ ተወለደ። ካደገም በኋላ ወደ ካምፓላ መጥቶ በፖሊስነት ተቀጠረ። የሩጫ ሕይወቱም የተጀመረው በፖሊስ ሠራዊት ውስጥ ነው። ከመጀመሪያዎቹ አሠልጣኞቹ አንዱ ጆሬም ኦቻና የሚባል የፖሊስ ባልደረባና ራሱም የመሰናክል ሯጭ የነበረ ሰው ነው። ኦቻና ከመሰናክሉ በላይ የከፍታ ዝላይ ዘንግ እያጋደመ፣ አኪ ቡዋ በመሰናክሉና በዘንጉ መካከል ባለው ክፍተት ሾልኮ እንዲያልፍ ያስገድደው ነበር። ራሱን ዝቅ ያላደረገ፣ ደረቱን በጭኑ ላይ ያላጠፈ ሯጭ ግንባሩ ከዘንጉ ጋር ይጋጫል። አኪ ቡዋም የዚያን ትምህርት ጠባሳ በግንባሩ ላይ ይዞ ኖሯል። እኔ በበኩሌ ይህን ዓይነቱን የማስተማር ዘዴ ለማንም መምህር አልመክርም፤ ውጤቱን ግን መካድ አይቻልም።

ዘዴው ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት የወንዶችን 400 ሜትር የመሰናክል ሩጫ አሠራር ማወቅ ይገባል። ሯጩ ቁመታቸው 91.4 ሳንቲ ሜትር የሆነ 10 መሰናክሎችን ይሻገራል። ከመነሻው እስከ መጀመሪያው መሰናክል 45 ሜትር፣ በየመሰናክሎቹ መካከል 35 ሜትር፣ ከመጨረሻው መሰናክል እስከ መድረሻው ደግሞ 40 ሜትር ነው። ወደ ላይ የሚዘልል ሯጭ በአየር ላይ ጊዜ ያባክናል፤ ስለዚህ ፈጣኑ ሯጭ መሰናክሉን የሚሻገረው በረጅም እርምጃ እንጂ በዝላይ አይደለም። ቀዳሚው እግር ቀጥ ብሎ ሲዘረጋ በጭን ጀርባ ያለው ጡንቻና ቋንጃ በብርቱ ይለጠጣሉ። ተከታዩ እግር ደግሞ ከዳሌ ወደ ጎን ተከፍቶ፣ ጉልበቱ ታጥፎ፣ በብብት ሥር እንደ ማለፍ ያህል ይመጣል። እንግዲህ ብሽሽቱና ዳሌው የደረቀ ሰው ምንም ያህል ጉልበት ቢኖረው ይህን ሊያደርግ አይችልም። ወይ ጉልበቱ ከእንጨቱ ጋር ይላተማል፣ ወይ እንዳይላተም ሲል ከሚገባው በላይ ይዘልላል።

አኪ ቡዋ በኋላ በእንግሊዛዊው አሠልጣኝ በማልኮም አርኖልድ እጅ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1970 በኤድንብራ በተደረገው የኮመንዌልዝ ውድድር 4ኛ ከወጣ በኋላ ልምምዱ እጅግ ከበደ፤ ክብደት የታሰረበት ሰደርያ ለብሶ፣ ከመደበኛው ከፍ ያሉ መሰናክሎችን እየተሻገረ ይሮጥ ነበር። ደግሞም መሰናክልን በቀኝም በግራም እግሩ መሻገር የሚችል ሰው ስለ ነበረ፣ እርምጃው ሲዛነፍበት አይደናገጥም። እ.ኤ.አ. በ1972 በሙኒክ ኦሊምፒክ ለፍጻሜው ውድድር የደረሰው መሥመር 1ኛው ነበር። ይህም መሥመር ጥምዝማዜው ከሌሎቹ የበለጠ ስለሆነ ሯጮች የማይወዱት ነው። አኪ ቡዋ ግን ከውስጥ መሥመር ተነሥቶ፣ የ1968ቱን አሸናፊ እንግሊዛዊውን ዴቪድ ሄመሪንና አሜሪካዊውን ራልፍ ማንን ቀድሞ፣ በ47.82 ሴኮንድ ገባ። ከእርሱ በፊት ይህን ርቀት ከ48 ሴኮንድ በታች የሮጠ ሰው አልነበረም። ለኡጋንዳም የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ወርቅ ሜዳልያ ሆነ።

ከዚያ በኋላ የደረሰበት ነገር ለእኛ አገር አንባቢ እንግዳ አይደለም። በ1976 የሞንትሪያል ኦሊምፒክ ጊዜ ብዙ የአፍሪካ አገሮች ከውድድሩ ሲወጡ ኡጋንዳም ኢትዮጵያም ከእነዚህ መካከል ነበሩ። በዚያ ምክንያት አኪ ቡዋ ሜዳልያውን ሳይከላከል፣ የእኛው ምሩጽ ይፍጠርም በጥንካሬው ዘመን ሳይወዳደር ቀሩ። የአኪ ቡዋን የዓለም ክብረ ወሰን በዚያው በሞንትሪያል አሜሪካዊው ኤድዊን ሞሰስ ሰበረው። ምሩጽ በ1980 በሞስኮ የ5000 እና የ10000 ሜትር ወርቆችን አግኝቶ ተካሰ፤ አኪ ቡዋ ግን በ1979 በአገሩ በተነሣው ጦርነት ምክንያት ተሰድዶ ስለ ነበር በሞስኮ ለፍጻሜው አልደረሰም። በመጨረሻም ወደ አገሩ ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ1997 በካምፓላ አረፈ።

አሁን ወደ ጡንቻው እንመለስ። በጡንቻችን ውስጥ ስለ ጡንቻው ርዝመት ወሬ የሚያቀብሉ ጥቃቅን የነርቭ አካላት አሉ። ጡንቻው በድንገት ሲለጠጥ እነዚህ ዘበኞች ወዲያው ለኅብለ ሰረሰር ያስታውቃሉ፤ ከዚያም ጡንቻው እንዳይበጠስ ተኮማተር የሚል ትእዛዝ ይመጣለታል። ሐኪም ከጉልበታችን በታች በትንሽ መዶሻ ሲመታን እግራችን ሳናዝዘው የሚወረወረው በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ ተማሪ የእግሩን ጣት ለመንካት ወገቡን ሰበር ቀና፣ ሰበር ቀና እያደረገ ሲወዛወዝ፣ ሊያረዝመው የሚፈልገውን ጡንቻ ራሱ እየጠራ ያኮማትረዋል ማለት ነው። በአንጻሩ በዝግታ ሲያሳስበውና ሲያቆየው ዘበኞቹ ይረጋጋሉ፤ ጡንቻውም ቀስ በቀስ ይላላል። ደግሞም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚታየው መሻሻል በአብዛኛው ጡንቻው ስለ ረዘመ ሳይሆን፣ ነርቮቻችን መለጠጡን ስለሚለምዱትና ስለሚታገሡት እንደሆነ ተመራማሪዎች ይገልጻሉ። ይህ ለእኔ እጅግ የሚያስደንቅ ነገር ነው።

ሙቀትም የራሱ ድርሻ አለው። የቀዘቀዘ ጡንቻ እንደ ደረቀ ጠፍር ነው፤ የሞቀ ጡንቻ ግን ውሃ እንደ ጠጣ ጠፍር በቀላሉ ይታዘዛል። በካምፓላ ያየኋቸው ወጣቶች አስቀድመው ዱብ ዱብ ያሉት ለዚሁ ነው። ካምፓላ ሞቃት ስለሆነች ይህ ሥራ ያጥራል፤ ደብረ ብርሃንን በመሳሰለ ብርዳማ ቦታ በማለዳ የሚለማመድ ተማሪ ግን ከ10 ደቂቃ ያላነሰ ጊዜ ቢሰጠው ይበጀዋል።

ከሩጫ በፊት ተቀምጦ አንድን ጡንቻ ከ60 ሴኮንድ በላይ ለጥጦ ማቆየት ለጥቂት ጊዜ የጡንቻውን ኃይልና ፍጥነት እንደሚቀንስ በብዙ ምርምር ታይቷል። የአጭር ርቀት ሯጭና ዘላይ ከውድድር ጥቂት ደቂቃ በፊት ይህን ቢያደርግ ቀስቱን ከመወርወሩ በፊት ደጋኑን እንዳላላ ሰው ይሆናል። የረጅም ርቀት ሯጭም ቢሆን እንደ መሰናክል ሯጭ እጅግ መተጣጠፍ አያስፈልገውም። የተረከዙ ጅማት በመጠኑ የጠጠረ ሯጭ በእያንዳንዱ እርምጃ መሬቱ እንደ ሞላ መልሶ ያስፈነጥረዋል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 በዚያው በካምፓላ በኮሎሎ ሜዳ በተደረገው የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና፣ በወጣት ሴቶች የኢትዮጵያዎቹ ለተሰንበት ግደይና ሐዊ ፈይሳ 1ኛና 2ኛ ሲወጡ፣ የሮጡበት ሜዳ የሚፈልገው ትንፋሽን፣ ጽናትንና ይህን የመፈንጠር ችሎታ ነው። በአንጻሩ በ2021 በቶኪዮ የ3000 ሜትር መሰናክልን በ9 ደቂቃ ከ01.45 ሴኮንድ ሮጣ ወርቅ ያገኘችው ኡጋንዳዊት ፔሩት ቼሙታይ፣ እንደ አኪ ቡዋ ዳሌዋ የሚከፈት መሆን ነበረበት። ስለዚህ መተጣጠፍ የሚለካው በስፖርቱ ዓይነት ነው፤ ለበረኛ የሚበቃው ለጂምናስቲክ ሠሪ አይበቃውም።

ሰውነትን ማፍታታት ከጉዳት ሁሉ ያድናል፣ በማግስቱም ሰውነት እንዳይዝል ያደርጋል ሲባል ብዙ ጊዜ ይሰማል። ምርምሩ ግን ይህን ያህል አይመሰክርም፤ የማግስቱን ሕመም የሚቀንሰው እጅግ በጥቂቱ ነው፤ ከጉዳትም ቢሆን ጡንቻን ማጠንከርና ልምምድን ቀስ በቀስ መጨመር የበለጠ ያድናሉ።

በተሳሳተ መንገድ ሲደረግ ደግሞ ራሱ ጉዳት ያመጣል። ከብዙ ዓመታት በፊት ባስተማርሁበት አንድ ትምህርት ቤት 400 ሜትር የሚሮጥ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ወላጆቹ በገጠር የሚኖሩ፣ እርሱም በከተማ በኪራይ ቤት ከጓደኞቹ ጋር ጥሬ እየቆረጠመ የሚማር ልጅ ነው። በዚያ ዓመት በሚደረገው የትምህርት ቤቶች ውድድር ላይ ክለቦች ሯጮችን እንደሚመለምሉ ተነግሮ ስለ ነበር፣ ተስፋው ሁሉ በዚያ ላይ ነበር። ውድድሩ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ በቀዝቃዛ ማለዳ ተማሪዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው እንዲለማመዱ ታዘዙ። ልጁ እግሩን ዘርግቶ እንደ ተቀመጠ አንድ ክብደት ያለው ጓደኛው ጀርባውን ተጭኖ ወደ ፊት ገፋው። ከጭኑ ጀርባ እንደ ጨርቅ መቀደድ ያለ ድምፅ እንደ ሰማ በኋላ ነግሮኛል። በማግሥቱ ቦታው ጠቁሮ አበጠ። ይባስ ብሎ ወጌሻ ተጠርቶ ያንኑ ትኩስ ቁስል በቅቤ አጥብቆ አሸው። ወጌሻ በወለምታና በውልቃት ብዙ ሰው እንደሚረዳ አውቃለሁ፤ ነገር ግን የተሰነጠቀ ጡንቻ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚፈልገው ዕረፍትና ቅዝቃዜ እንጂ ማሸት አይደለም። ውድድሩ በተደረገበት ቀን ልጁ በክራንች ተደግፎ ከሜዳው ዳር ቆሞ ነበር፤ ወደ እርሱ የተመለከተ መልማይም አልነበረም።

ተመልሶ ለመሮጥ ወራት ፈጀበት። በከተማው ሆስፒታል የነበረ አንድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በነገረው መሠረት፣ መጀመሪያ ሕመም ሳይሰማው መራመድን፣ ቀጥሎ ጡንቻውን በቀላል ሥራ ማጠንከርን፣ በመጨረሻም ማሳሳብን ተለማመደ። ማሳሳቡን የሚሠራው ማታ፣ ከውሃ መቅዳት ሲመለስና ሰውነቱ ሲሞቅ ነው። በጀርባው ተኝቶ፣ አንዱን እግር በነጠላ ጠልፎ ወደ ራሱ ይስባል፤ መወጠሩ ሲሰማው፣ ሕመም ከመጀመሩ በፊት ያቆማል፤ ትንፋሹን ሳይዝ እስከ 30 በልቡ ቆጥሮ ይለቅቃል። ይህንኑ በእያንዳንዱ እግር ሦስት ጊዜ ይደግማል። ለባቱ ደግሞ ግድግዳ ተደግፎ፣ ተረከዙን ከመሬት ሳያነሣ ወደ ፊት ያዘነብላል። ለብሽሽቱ አንዱን ጉልበት መሬት አስነክቶ ዳሌውን ወደ ፊት ይገፋል። ይህ የመጨረሻው በተለይ እንደ እናንተ ቀኑን ሙሉ በወንበር ላይ ለሚቀመጥ ሰው ይጠቅማል፤ በመቀመጥ ብዛት ከዳሌ ፊት ለፊት ያሉት ጡንቻዎች ያጥራሉና።

አንዳንድ ጊዜ ሲሰለቸው ስለ አበበ ቢቂላ እነግረው ነበር። አበበ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 21 ቀን 1964 በቶኪዮ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሴኮንድ ጨርሶ ሲገባ፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ገና ጥቂት ሳምንታት ብቻ ነበር። ሕዝቡ ይወድቃል ብሎ ሲጠብቅ እርሱ በስታዲየሙ ሣር ላይ ሆኖ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር፤ ይጎነበሳል፣ በጀርባው ተኝቶ እግሮቹን በአየር ላይ ያንቀሳቅሳል። ብዙዎች ይህን ለትዕይንት ያደረገው መስሏቸዋል። ለእኔ ግን ከልምምድ በኋላ ዘወትር የሚያደርገውን በዚያም ቀን ያደረገ ይመስለኛል። ልጁ ይህን ሲሰማ አበበ ስንት ቆጥሮ እንደሚለቅቅ ጠየቀኝ።

መሻሻሉን የምንለካው በቀላል መሣሪያ ነበር። እግሩን ዘርግቶ፣ የውስጥ እግሩን ከሣጥን ጋር አጋጥሞ ይቀመጣል፤ በሣጥኑ ላይ ማስመሪያ አኑረን፣ ጣቶቹ ከየት እንደሚደርሱ እናያለን። በጥቅምት ወር የእጁ ጣቶች ከእግሩ ጣቶች 11 ሳንቲ ሜትር ይቀሩ ነበር። በታኅሣሥ 6 ሆነ። በጥር አጋማሽ ጣቶቹ ተነካኩ፤ ከዚያ በኋላ ለ400 ሜትር ሯጭ ይበቃል ብለን መለካቱን ተውን፣ ጊዜውንም ለማጠንከሪያው ሰጠነው። በየካቲት በተደረገው ውድድር ሌሎቹ ሯጮች ከመነሻው መሥመር ኋላ ተቀምጠው ጣታቸውን ለመንካት ሲታገሉ፣ እርሱ ብቻውን ቆሞ እግሩን እያወናጨፈ ስሙ እስኪጠራ ይጠብቅ ነበር።